የጎደለው ሒሳብ፤ የሚያረጅ ቅጠልና የናይትሮጅን ታሪክ

በጥቅምትና በኅዳር ወር በደጋው አገር የሚጓዝ ሰው የገብሱና የስንዴው ማሳ ከአረንጓዴነት ወደ ቢጫነት፣ ከቢጫነትም ወደ ወርቃማ መልክ ሲለወጥ ይመለከታል። ገበሬው ይህን ባየ ጊዜ አዝመራው መድረሱን ያውቃል፤ ማጭዱን ይስላል፤ አውድማውን ይለቀልቃል። ለእርሱ የቅጠሉ መገርጣት የመከር ምልክት ነው። የእጽዋትን ኬሚስትሪ ለሚያጠና ባለሙያ ግን ያው መገርጣት ትልቅ የንብረት ርክክብ የሚካሄድበት ጊዜ ነው። ቅጠሉ በወጣትነቱ ያከማቸውን ፕሮቲን አፈራርሶ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን በአገዳው በኩል ወደሚሞላው ፍሬ ይልካል። በዳቦ መልክ ከምንመገበው የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ከፍ ያለው ክፍል ቀደም ሲል የቅጠል ሀብት የነበረ ነው።

በዚህ ርክክብ ላይ ግን ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን ያስቸገረ ነገር ነበር፤ ይኸውም ሒሳቡ አለመግጠሙ ነው። በአበባው ጊዜ በተክሉ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ከተለካ በኋላ፣ በመከር ጊዜ በፍሬውና በገለባው የተገኘው ሲደመር፣ ድምሩ አንዳንድ ጊዜ ከመነሻው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የጎደለው ወዴት ሄደ? ይህ ጽሑፍ የዚያን ጉድለት ታሪክ ባጭሩ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ጥያቄው ሳይመለስ የቆየው መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረ ብቻ አልነበረም። ሊቃውንቱ ቅጠልን ከአየር የሚቀበል እንጂ ለአየር የሚሰጥ አካል አድርገው አለማየታቸውም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ይህም ስለ እኛ የዕለት ሥራ የሚናገረው ነገር አለ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው የሒሳብ መዝገብ

ናይትሮጅን የተባለውን ጋዝ ስኮትላንዳዊው ዳንኤል ራዘርፎርድ በ1772 ለይተው አወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ አሞኒያን በጋዝነቱ ለብቻው ለማጠራቀም ቻሉ። በ1785 ደግሞ ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ በርቶሌ አሞኒያ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን የተሠራ መሆኑን አስታወቁ። ይሁን እንጂ እነዚህ ግኝቶች ለእርሻ ምን ትርጉም እንዳላቸው ለመረዳት ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስፈልጓል።

በእርሻ ላይ የመጀመሪያውን የተሟላ የናይትሮጅን የሒሳብ መዝገብ የከፈቱት ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ ናቸው። በአልሳስ አውራጃ በሚገኘው የቤሽልብሮን እርሻ፣ በ1830ዎቹ ዓመታት፣ ወደ መሬቱ የገባውን ፍግና ከመሬቱ የወጣውን ምርት እየመዘኑና በኬሚካል እየመረመሩ የገቢና የወጪ ሒሳብ ያዙ። ውጤቱ እርሳቸውንም ያስገረመ ነበር። ክሎቨርን የመሳሰሉ የጥራጥሬ ወገን የሆኑ ተክሎች በተዘሩበት ተራ፣ ከገባው ናይትሮጅን የወጣው በልጦ ተገኘ። ስንዴ ግን እንዲህ ያለ ትርፍ አላሳየም። የትርፉን ምንጭ ቡሲንጎ በጊዜው አጥርተው ማስረዳት ባይችሉም መዝገቡን እንዳለ ለሕዝብ አቀረቡት። የማይገጥመውን ሒሳብ ሳይደብቁ ማቅረባቸው ከግኝቱ ባላነሰ ሊመሰገኑበት የሚገባ ነው።

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ በ1840 ባሳተሙት የእርሻ ኬሚስትሪ መጽሐፋቸው አውሮፓን በሙሉ ያነቃነቀ ትምህርት ይዘው ተነሡ። በዝናብ ውሃ ውስጥ አሞኒያ መኖሩን በምርመራ ስላረጋገጡ፣ ተክል የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከአየር በሚወርድ አሞኒያ ያሟላል የሚለውን አሳብ በኃይል አስፋፉ። በዚህም መሠረት ገበሬው በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ማዕድኑን መመለስ ነው አሉ። ይሁንና በ1840ዎቹ አጋማሽ ለገበያ የቀረበው በስማቸው የሚታወቀው የማዕድን ማዳበሪያ የታሰበውን ውጤት ሳይሰጥ ቀረ።

ተቃውሞው የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። ጆን ቤኔት ሎዝና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ከለንደን ሰሜን በሚገኘው የሮታምስቴድ ይዞታ በ1843 የመስክ ሙከራ ጀመሩ። ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ላይ ስንዴ ዓመት በዓመት ሲዘራ፣ የአሞኒየም ጨው የተጨመረበት ክፍል ማዕድን ብቻ ከተሰጠው ክፍል እጅግ የበለጠ ምርት ሰጠ። ከአየር የሚወርደው አሞኒያ ለስንዴ የሚበቃ አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ቀጥሎም ከአሜሪካዊው ኬሚስት ኢቫን ፑ ጋር ሆነው በ1857 እና በ1858 በመስታወት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ተክሎችን በማብቀል፣ ተክል ነጻውን ናይትሮጅን ከአየር በቀጥታ የማይጠቀም መሆኑን አሳዩ። ሙከራው በጥንቃቄ የተሠራ ስለነበር፣ አፈሩ በእሳት ተቃጥሎ ሕያዋን ተሐዋስያን ሁሉ ጠፍተውበት ነበር። የቡሲንጎ ትርፍ ምንጭም አብሮ የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ምሥጢሩ የተፈታው ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ዊልፋርት በጀርመን አገር በ1886 የጥራጥሬ ተክል ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ተሐዋስያን አማካይነት መሆኑን ባስታወቁ ጊዜ ነው።

በዚህ ዓይነት የመዝገቡ አንዱ ገጽ፣ የትርፉ ገጽ፣ ተዘጋ። የጉድለቱ ገጽ ግን ገና አልተገለጠም ነበር።

ከአበባ በኋላ የታየ ጉድለት

የጉድለቱን ገጽ ከገለጡት መካከል ያው ዊልፋርት መገኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። ዊልፋርት፣ ሮመርና ዊመር በ1905 በታተመው ጥናታቸው ተክሎችን በልዩ ልዩ የዕድገት ደረጃ እያጨዱ የያዙትን ንጥረ ነገር መረመሩ። ገብስና ስንዴን በመሳሰሉት ሰብሎች የናይትሮጅኑ ጠቅላላ መጠን በአበባው ጊዜ አካባቢ ከፍተኛውን ደረጃ ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ እስከ መከር ድረስ እየቀነሰ የሚሄድ ሆኖ ታያቸው። ተክሉ በቁመናው እያለ ሀብቱ ይጎድላል ማለት ነው።

የሰጡት ማብራሪያ ንጥረ ነገሩ በሥሩ በኩል ወደ አፈር ተመልሶ ይሄዳል የሚል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ዝናብ ከቅጠሉ አጥቦ ይወስደዋል አሉ፤ ሌሎችም የረገፈው ቅጠል በሚዛን ሳይገባ ስለሚቀር ነው አሉ። ናሙና ሲወሰድ የተፈጠረ ስሕተት ነው ብለው የተዉትም አልታጡም። እነዚህ ሁሉ በከፊል እውነትነት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ዝናብ ከሚያረጅ ቅጠል ንጥረ ነገር ያጥባል፤ ቅጠልም ይረግፋል፤ ናሙናም ያሳስታል። ነገር ግን ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ከታች፣ ከአፈሩ በኩል የሚፈለጉ ነበሩ። በቅጠሉ ዙሪያ ያለውን አየር የጠረጠረ ሰው ጥቂት ነበር።

የዚህም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በንጹሕ አየር ውስጥ የሚገኘው አሞኒያ ከቢሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ላይ የሚታከለውንም ሆነ የሚቀነሰውን ለመለካት የዚያን ጊዜ መሣሪያ አይበቃም ነበር። ሁለተኛ፣ ሊቢግ በመጠኑ ቢሸነፉም አየርን በሰጪነት፣ ተክልን በተቀባይነት የሚያየው አስተሳሰባቸው አልተሸነፈም ነበር። የተሸነፈ መምህር ጥያቄ የሚቀርብበትን መንገድ ሳያስለቅቅ ሊቆይ ይችላል።

በጨለማ የበቀለው ግብጦ

የጉድለቱ መልስ እንዲገኝ በመጀመሪያ ቅጠሉ በሚያረጅበት ጊዜ በውስጡ የሚሆነው ነገር መታወቅ ነበረበት። የዚህ ጥናት መነሻ ደግሞ ቅጠል ሳይሆን ዘር ነበር። በዙሪክ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ኧርንስት ሹልትስ ከ1870ዎቹ ጀምሮ በጨለማ ያበቀሉትን የግብጦ ቡቃያ ይመረምሩ ነበር። የዘሩ ፕሮቲን ሲፈራርስ አስፓራጂን የተባለው ውሁድ ተከማችቶ፣ ከቡቃያው ደረቅ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል እስከ መሆን ይደርስ ነበር። አስፓራጂን ቮክላንና ሮቢኬ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1806 ከአስፓራገስ ቡቃያ ለይተው ያወጡት፣ በውስጡ ብዙ ናይትሮጅን የያዘ ውሁድ ነው። ሹልትስና ተማሪያቸው ሽታይገር በ1886 አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድም ከዚሁ ከግብጦ ቡቃያ አገኙ።

ይህ ሁሉ አስፓራጂን ለምን ይከማቻል? ለዚህ ጥያቄ ዘላቂ መልስ የሰጡት በዙሪክ ከሹልትስ ዘንድ የሠሩት ሩሲያዊው ዲሚትሪ ፕሪያኒሽኒኮቭ ናቸው። እርሳቸው እንዳስረዱት፣ ፕሮቲን ሲፈርስ መጨረሻ ላይ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ሲጠራቀም ደግሞ ሕዋሱን ይመርዛል። እንስሳ ይህን መርዝ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንቱ ያስወግደዋል። ተክል ግን ናይትሮጅንን የሚያባክን አይደለም፤ አሞኒያውን በአስፓራጂን መልክ አስሮ ለሌላ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በፕሪያኒሽኒኮቭ ትምህርት፣ በተክል ውስጥ የናይትሮጅን ጉዞ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በአሞኒያ ነው። ፕሪያኒሽኒኮቭ በሞስኮ ካስተማሯቸው አንዱ፣ በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝተው የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር የሰበሰቡት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበሩ። ቫቪሎቭ በ1940 ሲታሰሩ አረጋዊው መምህር ስለ ተማሪያቸው በድፍረት ተከራክረዋል፤ ይሁንና ተማሪው በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት አረፉ።

በፕሪያኒሽኒኮቭ ትምህርት ውስጥ አንድ ቁም ነገር ተደብቆ ነበር። አሞኒያ ካልታሰረ ይመርዛል ከተባለ፣ የማሰሩ ሥራ በሚደክምበት በእርጅና ጊዜስ ምን ይሆናል? አሞኒያ እኮ ጋዝ ነው።

የቅጠሉ ፕሮቲንና የእርጅናው ትእዛዝ

በ1930ዎቹ ዓመታት ጥናቱ ከቡቃያ ወደ ቅጠል ተሸጋገረ። በአሜሪካ በኮነቲከት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሂዩበርት ቪከሪና ባልደረቦቻቸው የትምባሆን ቅጠል መረመሩ። ተቆርጦ የተሰቀለ የትምባሆ ቅጠል እየገረጣ ሲሄድ ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ፣ አሚኖ አሲዱም ወደ አሞኒያና ወደ አስፓራጂን እንደሚለወጥ በዝርዝር አሳዩ። የሲጋር ትምባሆ ተከምሮ በሚብላላበት ቤት የሚሠራ ሰው የአሞኒያውን ሽታ በአፍንጫው ያውቀዋል። የጋዙ መውጣት በዚያ ቤት የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በማሳው ላይ ግን ማንም አላሰበበትም ነበር ማለት ይቻላል።

በ1940 ቪከሪ ከሩዶልፍ ሾንሃይመርና ከዴቪድ ሪተንበርግ ጋር በመተባበር፣ ክብደቱ 15 የሆነውን የናይትሮጅን አይሶቶፕ በአሞኒያ መልክ ለትምባሆ ተክል ሰጡ። ምልክት የተደረገበት ናይትሮጅን ዕድገታቸውን በጨረሱ ቅጠሎች ፕሮቲን ውስጥም ተገኘ። ይህም የሚያሳየው የቅጠል ፕሮቲን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሳይሆን፣ ያለማቋረጥ የሚፈርስና የሚታደስ መሆኑን ነው። እንግዲህ እርጅና የሚባለው መፍረሱ መታደሱን የሚያሸንፍበት ጊዜ ነው።

ሚዛኑን ማን ያዛባዋል? እንግሊዛዊው አልበርት ቺብናል በ1939 የተክል ፕሮቲንን ጥናት ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አጠቃለው ነበር። ቆየት ብለውም በ1954 ባወጡት ጥናት የአደንጓሬ ቅጠል ከተክሉ ተቆርጦ ከነግንዱ ሥር እንዲያወጣ ቢደረግ፣ ፕሮቲኑ ተጠብቆ ሳይገረጣ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይ አሳዩ። ሥሩ ለቅጠሉ የሚልከው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በ1955 ካይኔቲን የተባለው ውሁድ ተገኘ፤ በ1957 ደግሞ ሪችመንድና ላንግ ይህ ውሁድ የተቆረጠ ቅጠልን መገርጣት እንደሚያዘገይ አስታወቁ። እርጅና በትእዛዝ የሚጀመር፣ በትእዛዝም የሚዘገይ ሥራ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የሚፈርሰው ሀብት ምንነትም በዚያው ጊዜ ገደማ ተለየ። ዋይልድማንና ቦነር በ1947 ከቅጠል ያገኙት ትልቅ ፕሮቲን በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ኤንዛይም፣ ዛሬ ሩቢስኮ የምንለው፣ ሆኖ ተገኘ። በስንዴና በገብስ ቅጠል ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ሩብ ያህሉ በዚህ በአንዱ ፕሮቲን ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲያረጅ አስቀድሞ የሚፈርሰውም ይኸው ነው። ለፍሬው ሲል ቅጠሉ ምግብ የሚያበስልበትን ምድጃ ራሱን አፍርሶ ያወርሳል።

የአሞኒያው መንገድ ሲገለጥ

የሚወጣው አሞኒያ በየትኛው መንገድ ተመልሶ ይያዛል የሚለው ጥያቄ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሳሳተ መልስ ነበረው። ብዙዎች ሥራውን ግሉታሜት ዲሃይድሮጂኔዝ ለተባለው ኤንዛይም ሰጥተውት ነበር። ይህ ኤንዛይም ግን አሞኒያን ለመያዝ ከፍ ያለ ክምችት ይፈልጋል፤ ሕዋስ ደግሞ እንዲህ ያለውን ክምችት አይታገሥም። በ1970 ቴምፕስት፣ ሚርስና ብራውን በባክቴርያ ውስጥ ሌላ መንገድ አገኙ። በ1974 ፒተር ሊና ቤን ሚፍሊን ይኸው መንገድ በቅጠል ክሎሮፕላስት ውስጥም መኖሩን አረጋገጡ። በዚህ መንገድ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ የተባለው ኤንዛይም ጥቂቱን አሞኒያ ሳይቀር ለቅሞ ግሉታሚን ያደርገዋል፤ ሌላ ኤንዛይም ደግሞ ናይትሮጅኑን ተቀብሎ ለአሚኖ አሲዶች ሥራ ያስተላልፋል።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት የችግሩን ስፋት አሳየ። በ1978 በሮታምስቴድ የሚሠሩት አልፍሬድ ኪስና ባልደረቦቻቸው፣ ብርሃን ባለበት ጊዜ ቅጠል ከሚያካሂደው የፎቶሬስፒሬሽን ሂደት ብዙ አሞኒያ እንደሚወጣና ተመልሶ እንደሚያዝ አስታወቁ። ይህ አሞኒያ ተክሉ በሥሩ አዲስ ከሚያገኘው ናይትሮጅን እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ጤናማ ቅጠል በየሰዓቱ ብዙ አሞኒያ ያወጣል፤ መልሶም ይለቅማል። ለቃሚው ኤንዛይም ጥቂት ቢደክም ጋዙ በቅጠሉ ቀዳዳዎች በኩል ለመውጣት የሚከለክለው የለም። በ1987 በሮታምስቴድ የተገለጡት፣ በክሎሮፕላስታቸው ውስጥ ይህ ኤንዛይም የጎደላቸው የገብስ ዓይነቶች በተራ አየር ውስጥ ለመኖር ያልቻሉ መሆናቸው ነገሩን በግልጽ አስረዳ።

የካንቤራው መልስ

አየሩን በቀጥታ የመጠየቁ ሥራ በ1970ዎቹ ተጀመረ። በአሜሪካ በኮሎራዶ ሃችንሰን፣ ሚሊንግተንና ፒተርስ በ1972 ቅጠል አሞኒያን ከአየር በቀጥታ እንደሚስብ ለኩ። በተለመደው አየር ውስጥ የሚያድግ ሰብል ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን እስከ አሥር በመቶ የሚሆነውን በዚህ መንገድ ሊያገኝ ይችላል ብለውም ገመቱ። የሊቢግ አሳብ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በከፊል ትንሣኤ ያገኘ መሰለ። በአውስትራሊያ ደግሞ ዴንሚድ፣ ፍሬኒና ሲምፕሰን በ1976 በግጦሽ መስክ ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ከመሬቱ አጠገብ የሚወጣውን አሞኒያ ከላይ ያሉት ቅጠሎች መልሰው እንደሚውጡት አሳዩ።

መልሱን ያገኙት በካንቤራ ይሠሩ የነበሩት ግሬም ፋርኳርና ሮበርት ዌትሴላርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1979 የሚያረጅ የበቆሎ ቅጠል በመለኪያ ዕቃ ውስጥ አድርገው አሞኒያ ወደ አየር እንደሚለቅ በቀጥታ አረጋገጡ። በ1980 ደግሞ በቦሎቄ ቅጠል ላይ ሠርተው የሁለቱን ወገን ክርክር በአንድ ሕግ አስታረቁ። ሕጉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በውስጡ የተወሰነ የአሞኒያ ግፊት አለው። በዙሪያው ባለው አየር ውስጥ ያለው አሞኒያ ከዚህ ግፊት ከበለጠ ቅጠሉ ይቀበላል፤ ካነሰ ይሰጣል፤ ከተካከለ አይሰጥም፣ አይቀበልም። ይህን የሚዛን ነጥብ ልንለው እንችላለን። ነጥቡ የሚገኘው ከቢሊዮን እጅ ጥቂት እጅ በሚሆን ክምችት ላይ፣ ማለትም የተለመደው አየር በሚዋልልበት ስፍራ ነው። ስለዚህ አንዱ ማሳ ጠዋት ተቀባይ፣ ቀትር ላይ ሰጪ ሊሆን ይችላል።

ነጥቡ ከፍና ዝቅ የሚልበት ምክንያት በ1990ዎቹ በይበልጥ ተብራራ። በዴንማርክ ያን ሾሪንግና ባልደረቦቻቸው በሕዋሶች መካከል ያለውን ፈሳሽ ከቅጠል እያወጡ መረመሩ። አሞኒያ በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይዞ አሞኒየም ሆኖ ስለሚቀር አያመልጥም። የፈሳሹ አሲዳማነት ሲቀንስ ወይም የአሞኒየሙ መጠን ሲበዛ ግን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሙቀትም ያባብሰዋል፤ የቅጠሉ ሙቀት አምስት ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር የሚዛኑ ነጥብ በግምት በእጥፍ ያድጋል። በእርጅና ጊዜ ፕሮቲኑ በብዛት ይፈርሳል፤ የክሎሮፕላስቱ ለቃሚ ኤንዛይም አብሮ ይፈርሳል፤ በእርሱ ምትክ በቅጠሉ ሥሮች አካባቢ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ናይትሮጅኑን ወደ ፍሬው ለማሳፈር ይታገላል። በዚህ ትግል መካከል የሚያመልጠው ነው የጎደለው ሒሳብ።

መጠኑ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ታሪኩ ሁለተኛ ትምህርት ይሰጠናል። ዌትሴላርና ፋርኳር በ1980 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ ከአበባ በኋላ በሄክታር በአሥር ኪሎግራሞች የሚቆጠር ናይትሮጅን የጎደለባቸው ሰብሎች እንዳሉ ተገለጠ። በኋላ ግን ከማሳ በላይ ያለው አየር ሙሉ ወቅቱን ሲለካ፣ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአተርና ከጎመን ዘር በአሞኒያ መልክ የሚወጣው በሄክታር ጥቂት ኪሎግራም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አየር እውነተኛ ተጠያቂ ቢሆንም ብቸኛ ተጠያቂ አይደለም። የረገፈው ቅጠል፣ የሥሩ ድርሻ፣ ዝናቡና የናሙናው ስሕተት የየራሳቸውን ዕዳ ይሸከማሉ። መቶ ዓመት ያልተጠረጠረውን አየር ዕዳውን ሁሉ ማሸከም የቀድሞውን ስሕተት ገልብጦ መድገም ይሆናል።

ለመገርጣትና ላለመገርጣት

ይህ እውቀት ለገበሬው የሚጠቅመው የእርጅናው ጊዜ በሰው እጅ ሊገባ የሚችል በመሆኑ ነው። ሆኖም ማፍጠን ይሻላል ወይስ ማዘግየት? ሁለት ምሳሌዎች ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ።

በ2006 ክሪስቶባል ኡዋይ፣ ሆርሄ ዱብኮቭስኪና ባልደረቦቻቸው ከዱር ስንዴ ያገኙትን አንድ ጂን አስታወቁ። ጂኑ የቅጠሉን እርጅና ያፋጥናል፤ ናይትሮጅኑን፣ ዚንኩንና ብረቱን ወደ ፍሬው ያሻግራል። ዛሬ በሚዘሩት አብዛኞቹ የስንዴ ዓይነቶች ውስጥ ይህ ጂን ሥራውን አቁሟል ወይም ጠፍቷል። ተመራማሪዎቹ የእርሱንና የዘመዶቹን ሥራ በስንዴ ውስጥ ሲያደክሙ እርጅናው ከሦስት ሳምንት በላይ ዘገየ፤ የፍሬው ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረት ደግሞ ከሠላሳ በመቶ በላይ ቀነሰ። ቶሎ የገረጣ ቅጠል የበለጸገ ፍሬ ይሰጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን የተነሣ ነው። ከኢትዮጵያ የተወሰደና በዓለም አቀፉ ስብስብ አይ ኤስ 12555 ተብሎ የተመዘገበ የማሽላ ዘር፣ በቴክሳስ የማሽላ አዳቃዮች እጅ ቢ 35 የተባለው ዝርያ ወላጅ ሆነ። ይህ ዝርያ ከአበባ በኋላ ድርቅ ቢመጣም ቅጠሉ ሳይገረጣ በመቆየቱ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የድርቅ ቻይነት ምንጭ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። አውስትራሊያውያኑ አንድሩ ቦሬልና ግሬም ሃመር በ2000 እንዳስረዱት፣ አረንጓዴነታቸውን የሚጠብቁ ማሽሎች በቅጠላቸው ብዙ ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜም ከአፈር መውሰዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ፍሬውን ለመሙላት ቅጠላቸውን ለማፍረስ አይቸኩሉም። ይህን ዘር ድርቅ በሚደጋገምበት አገር ጠብቀው ያቆዩት ስማቸው በየትኛውም መጽሔት ያልተጻፈ ገበሬዎች ናቸው።

ሁለቱ ምሳሌዎች እርስ በርስ አይጣሉም። ዝናቡ ለሚጠናቀቅለትና ለፍሬው ጥራት ለሚዘራው ስንዴ ፈጣኑ ርክክብ ሊበጅ ይችላል፤ ድርቅ በመሐል ለሚያገኘው ማሽላ ደግሞ ዘግይቶ ማስረከብ ሕይወት ነው። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቅጠሉን እርጅና እንደ ራሱን የቻለ የዕድገት ክፍል ቆጥሮ ማጥናት።

ለእኛ የሚቀረው

በመጨረሻም በዕለት ሥራችን ላይ ወደሚያርፈው ጉዳይ እንመለስ። የማዳበሪያ ሙከራ ሲደረግ ሰብሉ ከተሰጠው ናይትሮጅን ምን ያህሉን እንደተጠቀመ ለማወቅ የተለመደው ዘዴ በመከር ጊዜ የፍሬውንና የገለባውን ናይትሮጅን መለካት ነው። ይህ ዘዴ የሚቆጥረው የቀረውን ብቻ ነው። ተክሉ ተቀብሎ፣ በቅጠሉ ተገልግሎበት፣ በእርጅናው ጊዜ በአየር፣ በዝናብ ወይም በመርገፍ ያጣው ሁሉ ተክሉ ፈጽሞ እንዳልወሰደው ይቆጠራል። ከዚያም ጥፋቱ በአፈሩ ወይም በገበሬው አበታተን ላይ ይወድቃል። ማዳበሪያ በውድ ዋጋ በሚገዛበት አገር ይህ የሒሳብ ስሕተት የምክር ስሕተት፣ የምክሩም ስሕተት የገበሬው ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ተጨማሪ ናሙና በአበባው ጊዜ መውሰድ፣ የረገፈውን ቅጠል ከመሬት ለቅሞ መመዘን፣ ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል። ካልገጠሙም አለመግጠማቸውን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ማስፈር ነው። ቡሲንጎ ትርፋቸውን ሊያስረዱ ሳይችሉ መዝግበውት ስለተዉ ሄልሪገልና ዊልፋርት ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይተው ፈቱት። ዊልፋርትና ባልደረቦቻቸው በተራቸው ጉድለታቸውን በተሳሳተ ምክንያት ቢያብራሩትም ቁጥሩን ስላልደበቁት ካንቤራዎቹ የሚነሡበት ነገር አገኙ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ማብራሪያዎች ወድቀዋል፤ በታማኝነት የተጻፈ ቁጥር ግን አንድም አልወደቀም።